ቦርጮን የያዘ ሰው

ጓደኞቹ እንደሚሉት፣ ሟቹ በዕድሜው ከቦርጮ ሌላ ይዞ ተጫውቶ አያውቅም። አባቱ እንደሚሉት ግን ግዙፉን ይዞ የገዛ አባቱን ዘርሯል።

ነገሩ የተነሳው ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ሻይ ሲዞር ነው። ሽቦ የሚሉት የሰፈሩ ጌም ቤት ጠባቂ ለሟቹ አክስት ያስረዳል።

«ቦርጮ ማለት፣ እትዬ፣ በዚያ አሮጌ የድብድብ ጌም ውስጥ ካሉት ሁሉ ደካማው ነው። እግሩ አጭር፣ ዝላዩ ከባድ። ማንም አይመርጠውም። እሱ ግን በቦርጮ ሰፈሩን ሲያስለቅስ ነው የኖረው። ሲሸነፍም ይስቃል።»

«ቦርጭ ያለው ሰው ምን ሊዘል!» አለች አክስት፣ የባሏን ሆድ ሰረቅ አድርጋ አይታ። ለቀስተኛው አፉን በእጁ ሸፈነ።

ግንበኛው አባት አልሳቁም።

«ከእኔ ጋር ግን ግዙፉን ነው የያዘው» አሉ።



ልጁ ግንበኝነቱን ትቶ ሬዲዮ ጥገና ሲገባ ተኳርፈው ነበር። አንድ ቀን አባትየው አንጀታቸው አልችል ቢል ራሳቸው ጌም ቤት ሄዱ። ልጁ ወንበሩን በእጅጌው ጠርጎ አስቀመጣቸው። «አባዬ፣ መጀመሪያ አንተ ምረጥ» አላቸው። መረጡ። የልጁ ግዙፍ በዓይን ጥቅሻ ዘረራቸው። ከኋላ የቆመው ሁሉ ሲስቅ ብድግ ብለው «ናቅኸኝ አይደል?» አሉትና ወጡ። ከዚያ ወዲያ ሰላምታቸው የጎረቤት ሰላምታ ሆነ። የልጁ ሕመምም ድንገት መጥቶ ፋታ አልሰጠ። ከቀብር ሲመለሱ አባትየው ሲያብሰለስሉት የነበረው ይኸው ነው፦ ልጄ እንደናቀኝ ሞተ።

«አባባ፣ ያን ቀን እርስዎ ማንን ያዙ?» አለ ሽቦ።

«እኔ ምን አውቄ! የሥራ ባልደረባዬን የሚመስል ቦርጫም አየሁና እሱን።»

ሽቦ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«እሱ እኮ ነው ቦርጮ። በዚያ ጌም አንዱ የያዘውን ሌላው መያዝ አይችልም።»

«እሺ፣ ሌላ ደካማ አጥቶ ነው ግዙፉን?»

«መቼ መረጠ! እርስዎ ቦርጮን ሲነኩ ስክሪኑን ትቶ እርስዎን ያይ ጀመር። ፊቱ ጥርስ በጥርስ ሆኖ። የመምረጫው ሰዓት አለቀና ማሽኑ ራሱ ግዙፉን ሰጠው። ግዙፉ ደግሞ ቁልፉ ላይ ቢተኙበትም ያሸንፋል።»

አባትየው ቀና ብለው አዩት።

«እርስዎ ሲወጡ ሁለተኛው ዙር ገና መጀመሩ ነበር» አለ ሽቦ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ወንበርዎ ላይ ልቀመጥ ስል 'ተው፣ የአባዬ ነው' አለኝ። ዙሩ እስኪያልቅ ድረስ ቦርጮን አልነካውም። ሁለቱ ቆመው ሲተያዩ ሰዓቱ አለቀ።»

አባትየው ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። ሲሚንቶ የበላቸውን እጆቻቸውን ጉልበታቸው ላይ አወጡ፤ ጌም እንደሚጫወት ሰው ግራውን ጨበጡ፣ የቀኙን ጣቶች ዘረጉ።

«እንዲህ ነው የሚያዘው?»

ሽቦ ጎንበስ ብሎ አውራ ጣታቸውን አቃናላቸው።

«ኧረ ወንድም ጋሼ፣ ሰው ምን ይላል?» አለች አክስት በሹክሹክታ።

«የፈለገውን ይበል» አሉ፣ ጣታቸውን ሳያነሱ። «ቦርጮን እማራለሁ።»