ዘጠነኛ ፎቅ፣ ፀሐይ መውጫ በኩል

ሀፍሷ አፓርታማ ልትገዛ መሆኗን አዲስዓለም የሰማችው ከራሷ ከሀፍሷ አፍ ነው፤ ያውም ከአንድ ሳህን ሽሮ ሲበሉ። «እንኳን ደስ ያለሽ» ማለቱን አለች፣ ሌላ ምን ትበል!

ሁለቱም መርካቶ ውስጥ መጋረጃ ነጋዴዎች ናቸው። ሱቆቻቸው ጎን ለጎን ናቸው፤ አንዷ ስታስነጥስ ሌላዋ በግድግዳው በኩል «ይማርሽ» ትላለች። ሃያ ዓመት አብረው ከስረዋል፣ አብረው አትርፈዋል። ሀፍሷ ስትከስር አዲስዓለምን የሚያህል ወዳጅ ከየት ይገኛል? ችግሩ ስታተርፍ ነው።

ሕንፃውስ ቦሌ ቢሆን ምን ነበረበት! መሳለሚያ ላይ፣ ልክ አዲስዓለም ከምትኖርበት የቀበሌ ቤት ፊት ለፊት በቀለ። ከበረንዳው ቁልቁል ላየ ሰው የቆርቆሮ ጣሪያዋ ዝገት፣ ያሰጣችው ልብስ፣ ገመናዋ ሁሉ ይታያል። ሀፍሷ እላይ ሆና ሻይ ስትጠጣ እሷ እታች ሆና አንሶላ ስትጨምቅ! ይህን ባሰበች ቁጥር አንጀቷ እርር ይላል። ቅናት ነው፣ ሌላ ስም የለውም፤ ራሷም አላጣችውም። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቆማ «ጌታ ሆይ፣ ይህን ክፉ ሐሳብ አርቅልኝ» ብላ ጀመረችና «ብቻ አትግዛው» ብላ ጨረሰች።

ደግነቱ ሀፍሷ ገና አልቆረጠችም፤ ታመነታለች። አንቺ ዓይን አለሽ፣ እስቲ አብረሽኝ እይልኝ ብላ ለመነቻት። አዲስዓለም ለዚህማ ማን ብሏት፣ ሱቋን ሳትከፍት በጠዋት ቀድማት ደረሰች።

በፍቃዱ የሚባል ከረባት ያሰረ የሽያጭ ሠራተኛ በሊፍት ዘጠነኛ ፎቅ አወጣቸውና በሩን ከፈተ። ሳሎኑን ፀሐይ ሞልቶታል። ወጥ ቤቱ ብቻ የአዲስዓለምን ቤት ያህላል። መኝታ ቤቱ ውስጥ ስትገባማ፣ እዚህ ቤት ውስጥ አንዲት ሌሊት ባደርኩ አለች በልቧ። ከዚያ አፏን ከፈተች።

ምን ያላለችው አለ! ፀሐዩ ሶፋ ይጨርሳል አለች። ወለሉ አንሸራትቶ ወገብ ይሰብራል አለች። ቧንቧውን ከፍታ፣ ዘግታ፣ እንደገና ከፍታ አፍንጫዋን ነፋች። ግድግዳውን በጣቷ አንኳኩታ ራሷን ነቀነቀች። መብራት የጠፋ ቀን በዚህ ጉልበትሽ ዘጠኝ ፎቅ በእግርሽ ልትወጪ ነው ወይ ብላ ጠየቀቻት። የአውቶቡስ ተራ ክላክስም እንቅልፍ አያስተኛሽም ብላ ጨመረችበት። ሀፍሷ ከክፍል ክፍል እየተከተለቻት ዝም ብላ ታዳምጣለች። ዝም ባለች ቁጥር አዲስዓለም ባሰባት።

በፍቃዱ ላቡን ጠራረገና ኮሪደር ወጥቶ አለቃውን በስልክ አነጋገረ። ተመልሶ ሲመጣ፣ ዛሬ ከተዋዋሉ ዋጋው ላይ ደህና ቅናሽ ተፈቅዷል አለ። «ምቀኛ አታሳጣኝ» የሚባለው እንግዲህ ለእንዲህ ዓይነቱ ቀን ነው። አዲስዓለም ግን የቅናሹ ወሬ ጆሮዋም አልገባ።

«በነፃም ቢሰጡኝ አልገባበትም» ብላ ደመደመች።

ሀፍሷ ስልኳን አወጣች። ለባሏ ደውላ ትቼዋለሁ ልትለው ነው ብላ አዲስዓለም በደስታ ልትበር ደረሰች። ሀፍሷ ግን ወደ በፍቃዱ ዞራ ቀብዱን በየትኛው ሒሳብ ላስገባልህ አለችው።

«ሀፍሷ! ያልኩሽን አልሰማሽም እንዴ?»

«ሰምቼማ ነው» አለች ሀፍሷ እየሳቀች። «ሃያ ዓመት አብረን ከጅምላ ሻጭ ዕቃ ስናወጣ አንቺ አመስግነሽ የገዛሽው አለ? የማትፈልጊውንማ ጥሩ ነው ብለሽ ታልፊዋለሽ። ዛሬ ጥሩ ነው ብትይኝ ኖሮ፣ ወላሂ፣ ትቼው እሄድ ነበር። እንዲህ ስታዋርጂው ነው ልቤ የቆረጠው።»

አዲስዓለም የምሬን ነው ብትል ሀፍሷ አሁንም ዋጋ እያስወረደችልኝ ነው ብላ ልትስቅ ነው።

ሀፍሷ ቀብዱን በስልኳ አስገብታ ጨረሰችና አቀፈቻት። «ብቻዬን ብመጣ አድንቄ አስጨምር ነበር። አላህ ይስጥሽ። ወደድሽው አይደል?»

«ወደድኩት» አለች አዲስዓለም፤ እንባዋም ዱብ ዱብ አለ።

ሀፍሷ የደስታ እንባ መስሏት አብራት አለቀሰች።