ምላስ የሚያስተኛው ማንኪያ

የጀይሉን ምላስ የማያውቅ የመቀሌ ገበያተኛ አልነበረም። ከወሎ የሱፍ ባና እያስመጣ ይሸጣል። ባናው ምን የመሰለ ነው፣ ሰውየውም ክፋት የለበትም። ግን ገዢ ዋጋ ቆረጥ ባደረገበት ቁጥር እጁን ወደ ሰማይ ወርውሮ፣ «ከዚህ በታች ከሸጥኩ ሚስቴ ትፈታ» ይላል። ብሎም አያበቃ፣ አንዳንዴ ከዚያው በታች ይሸጣል። ጉዱ እዚህ ላይ ነው።

ሚስቱ ዘኪያ ደግሞ ሩቅ አይደለችም፣ ከጎኑ ቁጭ ብላ ባና ታጣጥፋለች። እዚያው እያየች፣ እዚያው እየሰማች ትፈታለች ማለት ነው። እንዲህ ምሎ ሁለት ጊዜ ዋጋ አወረደ፤ ሁለቴም ሸህ አብዱልወሃብ ዘንድ ሮጠው ነገሩ ተበጀ። በሁለተኛው ግን ሸሁ ፊታቸውን አልፈቱም።

«ስማ ጀይሉ፣ እስካሁን መመለሻ ነበረው። ሦስተኛው መመለሻ የለውም። ሌላ ባል አግብታ እሱ ካልፈታት አታገኛትም።»

«ሁለተኛ አይለምደኝም፣ ሸሆቹ» አለ ጀይሉ። «ወላሂ፣ ከለመደኝ ሚስቴ…»

ሸሁ በከዘራቸው ጉልበቱን ባይሉት ኖሮ እዚያው አልቆለት ነበር።

ዘኪያ ከዚያ ወዲያ እህል አልወርድ አላት። ትወደዋለች፤ የሚያናድዳትም ይኸው ነው። ባትወደው ኖሮማ ሦስተኛውን ራሷ ታስምለው ነበር። አመል ያወጣል ከመሀል ይባላል፤ የዚህኛው አመል ግን እሱን ትቶ እሷን ሊያስወጣ ነው።

በእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ግርጌ ሲኞር ጂኖ የሚባል ሸምገል ያለ ጣሊያን ነበር። ዘመኑ የጣሊያን ነውና ከተማው ወታደር በወታደር ሆኗል፤ እሱ ግን ጠብመንጃ አይሆንለትም። ብዙ ዘመን አስመራ ሐኪም ቤት ሲያስታምም ኖሮ ትግርኛውን እንደ አገሬው ያቀላጥፈዋል። ሰውን የብር ማንኪያ እያሳየ ያስተኛል፣ በእንቅልፉም ክፉ አመሉን ተው ይለዋል፤ ሰውየው ሲነቃ አመሉ የለም። የጎረቤታቸው የምንትዋብ ባል ሱረት የተወው እንዲሁ ነው አሉ።

«ጂኒ ሊያሰፍርብኝ ነው» ብሎ ጀይሉ አንገራገረ።

«ከምላስህ የባሰ ጂኒ ከየት ይመጣል? ተነሥ» አለችውና ይዛው ሄደች።

ጣሊያኑ ጀይሉን ወንበር ላይ አስቀምጦ ማንኪያውን ከዓይኑ ፊት ቀስ እያለ ያወዛውዝ ጀመር። «ደቅስ… ደቅስ…» ይላል፤ ተኛ ማለቱ ነው። የገበያ ትግርኛ ለጀይሉም አያቅተውም። ዓይኑ ከበደው፣ አገጩ ደረቱ ላይ ወደቀ። ዘኪያ አጃኢብ አለች። ይህ ሰው እቤቱ እንኳ ሳያወራ ተኝቶ አያውቅም።

ከዚያ ጣሊያኑ ድምፁን ከፍ አደረገና፣ «ሕደግ! ሕደግ!» አለ።

ዘኪያ ደነገጠች። ሕደግ በትግርኛ ተው ነው፣ እውነት ነው። ስለ ሚስት ሲሆን ግን ፍታት ማለትም ነው። ጀይሉ ደግሞ ዓይኑን እንደጨፈነ እንደ ደህና ተማሪ የተባለውን ሊመልስ ከንፈሩን አላቀቀ፣ «ሓደ…» ብሎ ጀመረ፤ ሓደግኩ፣ ፈታሁ ሊል ነው። ዘልላ አፉን በመዳፏ ግጥም አደረገችው። የተኛ ሰው ቃል እንደማይቆጠር ታውቃለች፤ ይህ ግን ተኝቶ የሚመልስ ነው፣ ምኑ ይታመናል?

ጣሊያኑ ተቆጣ። እሷም ባሰች። «በዚህ ቋንቋ አይሆንም፣ በአማርኛ በለው» አለችው። አማርኛ አልችልም አለ።

«እንግዲያው እኔ ልንገረው።»

«መጀመሪያ ለምን በሚስቱ እንደሚምል ጠይቂው» አለ ሰውየው ማንኪያውን እያስቀመጠ።

ጎንበስ ብላ ጠየቀችው። ጀይሉ ሳይቸኩል፣ እሷ በማታውቀው ለስላሳ ድምፅ መለሰ። «በበቅሎዬ ብምል በቅሎ ይተካል ይሉኛል። በቤቴ ብምል ጎጆ ናት ይሉኛል። በዘኪያ ስምል ግን ሁሉም ዝም ይላል። እሷን ማጣት እንደማልችል ያውቃላ።»

ዘኪያ ከቤት ስትወጣ ልትለው ያዘጋጀችው ብዙ ነገር ነበር። ሁሉንም ተወችው። ወደ ጆሮው ተጠጋችና፣ «የምትወደውን ሰው ገበያ አታውጣው፣ ጀይሉ» አለችው።

«ምን አልሽው?» አለ ጣሊያኑ።

«ተው አልኩት» አለች፣ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች።

በገበያው ቀን ከፋለ የሚባል ገዢ መጣ። ከሸዋ መጥቶ በጣሊያኖቹ ቢሮ ጸሐፊ የሆነ፣ ክርክር የሚወድ ሰው ነው። አንዱን ባና ገለባብጦ፣ አሽትቶ፣ ስቦ ሲያበቃ የግማሽ ዋጋ ያህል ሊሬ መዳፉ ላይ አወጣ። ጀይሉ ራሱን ነቀነቀ።

«እንግዲያው የመጨረሻ ዋጋህ ለመሆኑ እንደ ልማድህ በሚስትህ ማልልኝና ያልከውን ልክፈል» አለ ከፋለ።

ሙሉውን ዋጋ በአንዲት ቃል። የጀይሉ እጅ በልማዱ ወደ ሰማይ ተነሣ። «ከዚህ በታች ከሸጥኩ…» አለ። ዘኪያ የያዘችው ባና ከእጇ ወደቀ። ዛሬ ሙሉውን ቢከፍለው ነገ ሌላው ይከራከረዋል፤ አንዴ ከጀመረ እንደማያቆም ታውቀዋለች።

«ከዚህ በታች ከሸጥኩ…» አለ እንደገና። ግንባሩን አላበው። እጁም ቀስ እያለ ወረደ።

«ከሸጥኩ… ሸጥኩ ነዋ፣ ምን ይመጣል? የያዝከውን አምጣ።»

ከፋለ እየሳቀ ከፍሎ ባናውን ትከሻው ላይ ጣለና ሄደ። ጀይሉ ሊሬውን ቆጥሮ ኪሱ ከተተ። እጁን ያወረደው ማንኪያው ይሁን እንቅልፉ፣ ወይስ በጆሮው ያለችው ቃል፣ ዘኪያ አልጠየቀችውም።

«ከሰርን አይደል?» አላት።

«ከሰርን» አለችው። እሱን ካገባች ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሏት ከስራ አታውቅም።