የትርፌ ጉድጓድ በወንደሰን ስም

«እሱ እንግዲህ ሲምቦል ነው» አለ የፊልሙ አዘጋጅ ወንደሰን፣ ማይኩን አፉ ላይ ለጥፎ።

የጠየቁት ሴትዮ አልተቀመጡም። ጥያቄያቸው ቀላል ነበር፤ «ልጄ፣ ሴቶቹ ጉድጓዱ ውስጥ ነገር እንዳለ በምን አወቁ?» በቃ ይሄው ነው። እሱ ግን «የእናት ደመ ነፍስ ምናምን፣ የመሬት ምስጢር ምናምን» እያለ ሦስት ደቂቃ ሙሉ ፈጨብን። ይሄን ሁሉ የሚለው መጋረጃ በተዘጋ አዳራሽ ውስጥ ጥቁር መነጽር አድርጎ ነው።

ፊልሙ ስለ አንድ ቤተሰብ ነው። ትልቁ ልጅ በመሬት ድንበር ጠብ ጎረቤቱን ይገድላል። እናትየዋ ደም የነካውን ሸሚዝ ቆጮ ተቀብሮ በሚብላላበት ጉድጓድ ውስጥ፣ ቆጮው ሥር ትቀብረዋለች። ቤተሰቡ እንዳለ «ያን ቀን ልጁ ቤሌ ገበያ ነበር» ብሎ ለፖሊስ ይምላል። ከዛ የሰፈር ሴቶች ጉድጓዱን አፍጥጠው ያያሉ፣ ሙዚቃ ይገባል፣ ፖሊስ መጥቶ ይቆፍራል። በምን አወቁ? የለም። ወንደሰን ስላልገባው ቆርጦ ጥሎታል። እሱ ቆጮ የሚያውቀው ክትፎ ቤት ብቻ ነው።

ፖስተሩም ፊልሙም ላይ ደግሞ «ድርሰትና ዝግጅት ወንደሰን እሸቴ፤ መቶ በመቶ ኦሪጅናል» ይላል። ይሄን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የፊልሙ ኤዲቲንግም ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ጽሑፍም የኔ ሥራ ነው። ታሪኩን ከየት እንዳመጣውም አውቃለሁ። የዛሬ አራት ዓመት እኔና እሱ የቸርች ፕሮግራም እንቀርጽ ነበር። አንድ እሁድ በምስክርነት ሰዓት የሰፈራችን አስተማሪ እትዬ ትርፌ ወጣችና ይሄንኑ የገዛ ቤቷን ጉድ እያለቀሰች አንድ በአንድ ተናገረች። ገዳዩ ወንድሟ ነው። ስሙን አልጠራችም። ሰው «አሜን» ሲል ወንደሰን ደብተሩ ላይ ይጽፋል። እኔ ጥቅስ የሚጽፍ መስሎኝ።

ፊልሙ መጨረሻ ላይ ምስጋና አለ። ሆቴሉ አለ፣ የሚኒባሱ ሹፌር አለ፣ ፍየል ያዋሰን ሰውዬ ሳይቀር አለ። ትርፌ የለችም።

እሷ ግን አዳራሹ ውስጥ ነበረች። ከሦስተኛው ረድፍ ተነሳች።

«እኔ ልመልስላቸው» አለች። «ሙሉ ጉድጓድ ያላት ሴት ቆጮ ከገበያ አትገዛም። እናትየዋ ሸሚዙ ስላለበት ጉድጓዱን መክፈት ፈራች፤ ልጆቿ እንዳይራቡ ገበያ ወጣች። እዛ ያዩዋት ሴቶች ናቸው የነቁት።»

ሴትዮዋ «እሱንማ ልጅም ያውቀዋል፣ ሲምቦል ነው ይለናል እንጂ» ብለው ቁጭ አሉ። አዳራሹ ሳቀ። የሚስቀው በማን እንደሆነ ያልገባው ወንደሰን ብቻ ነው፤ እንደውም አጨበጨበ።

ስንወጣ ትርፌ በር ላይ ያዘችው።

«ስሜ የት አለ?»

«እህት ትርፌ፣ ምስክርነት እኮ ለእግዚአብሔር ክብር የተሰጠ ነው። ባለቤት የለውም።»

«ለእግዚአብሔር ነው የሰጠሁት። አንተን ማን ተቀበል አለህ?»

«ገንዘብ ከሆነ...»

«ገንዘብህን ብላው። ስሜ ይጻፍ።»

ይሄኔ መነጽሩን አወለቀ። «ስምሽ ከተጻፈ ወንድምሽስ? ጩማ ሁምቦ ወረዳ ሄዶ ሚስት አግብቷል አሉ። ዘመዶቿ እስር ቤት እንደነበረ ያውቃሉ?»

አያችሁ? ስለ ጩማ ማሰብ የጀመረው ገና ዛሬ ነው። የሰውየውን ሸሚዝ በትልቁ ስክሪን ላይ ሲያወጣው አላሰበም፤ ስም ጻፍ ሲባል አዘነለት። ትርፌ ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች። እሱም «እግዚአብሔር ይባርክሽ» ብሎ ፎቶ ሊነሳ ሄደ።

እኔ ሸኘኋት።

«ስለ ፊልሙ እንደሰማሁ ጩማን በስልክ ጠይቄዋለሁ» አለችኝ መንገድ ላይ። «በእናትሽ አይጻፍ፣ የኔን ኑሮ አታፍርሺ ነው ያለኝ።»

«ታዲያ ይቅራ፣ እትዬ።»

«ለምን ይቀራል? በአሥራ አምስት ዓመቴ ለሱ ብዬ በሐሰት ማልኩ። አሥራ ስምንት ዓመት ስንቅ አመላለስኩ። ሰው ፊት ቆሜ ያፈርኩት እኔ ነኝ። አሁን ደግሞ ያ ባለመነጽር ይሸለምበት? አንተም ብትሆን ያን ቀን ካሜራ ይዘህ ፊቴ ቆመህ ነበር። ኦሪጅናል ብለህ ስትጽፍ አላፈርክም?»

አላፈርኩም። ስለ ወንደሰን ይሄን ሁሉ አወራሁ እንጂ እኔም ያው ነኝ።

ፊልሙ ሰኞ ሐዋሳ ለውድድር ይላካል። ፋይሉ እኔ ጋ ነው። ወንደሰን የራሱ ስም ካለፈ በኋላ ያለውን ጽሑፍ አይቶ አያውቅም፣ ስልኩን ነው የሚነካካው። ኦሪጅናል የሚለውን አጠፋሁት፤ እሱ አላስቸገረኝም። በቦታው «በትርፌ ባዳቾ ምስክርነት ላይ የተመሠረተ» ብዬ ጻፍኩ። ከዛ ጩማ ትዝ አለኝና እጄ ቆመ። ሰውየው ቅጣቱን ጨርሷል፤ አይጻፍ ብሏል። እሷ ይጻፍ ብላለች። ታሪኩ የሁለቱም ነው፤ የወንደሰን ብቻ አይደለም።

እስካሁን ሴቭ አላደረግኩትም። እናንተ እኔ ወንበር ላይ ብትሆኑ ሴቭ ታደርጉታላችሁ ወይስ ታጠፉታላችሁ?