ከግንቡ ወዲያ ያለው ማሽን

ልብስ ሰፊዋ መጀመሪያ የሰማችው ፉጨት ነበር። ቧንቧው ውርጭ ለብሷል፤ ከኤሲው የሚወጣው አየር ግን ትኩስ ነው። ጡረታ የወጣው ሾፌር ባሏ ልቡን ከታከመ ወዲህ ሙቀት አይስማማውም። አልጋው ላይ ተጋድሞ ላቡን በፎጣ እየጠረገ፣ «ቅቤ ብሆን ኖሮ እስካሁን ቀልጬ በጠርሙስ ትገለብጪኝ ነበር» አላት። ሳቀች፤ ሆዷ ግን አልሳቀም።

ኤሲ ጠጋኙን አስጠራች። ሰፈርተኛው «በረዶው» ይለዋል፤ ራሱ ግን ላብ የማይለየው ግዙፍ ሰው ነው። ኤሲውን አጥፍቶ፣ መስኮቱን ወለል አድርጎ ከከፈተ በኋላ በየመጋጠሚያው የሳሙና አረፋ ቀባ። ጋዝ የሚያመልጥበት ቦታ ካለ አረፋው ይነፋል። ምንም አልተነፋም።

«እዚህ ደህና ነው፤ የሚያፈሰው በውጪው ማሽን በኩል መሆን አለበት። የት ነው ያለው?»

አንገቷን ደፋች። «ዝም ብለህ ጋዙን ብቻ ሙላልኝ።»

«እናቴ፣ ቀዳዳውን ሳልደፍን ብሞላው በወንፊት ውሃ መቅዳት ነው። የት ነው?»

«ከግንቡ ወዲያ፣ እህቴ ግቢ።»

«ታዲያ ቅርብ ነዋ።»

ቅርብስ ቅርብ ነበር። የወላጆቻቸው ቤት ለሁለት ሲከፈል ማሽኑ በታናሽ እህቷ በኩል ቀረ። እናታቸው ስትታመም ሐኪሞቹ ቀዶ ጥገና አሉ፤ ታናሽየዋ አይሆንም ብላ ለመነች፣ ታላቂቱ እሺ አለች። እናታቸው አልነቃችም። «አንቺ እሺ ባትይ ኖሮ» አለቻት ታናሽየዋ በሰው ፊት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ ከዚያ ወዲህ ዓይንሽን ላፈር ተባባሉ።

«እኔ ልሂድላችሁ» አለ ሾፌሩ፣ ለመነሳት ክርኑን እየተደገፈ። «መንገዱን አልስተውም።»

ቀና ማለት እንኳን አልቻለም። ይህን ስታይ ልብስ ሰፊዋ ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ ወጣች፤ በረዶውም ዕቃውን ይዞ ተከተላት።

ታናሽየዋ ዳቦ ጋጋሪ ናት። በሩን የከፈተችው እጇ ዱቄት እንደሆነ ነው። እህቷን ስታይ ፊቷ ተለወጠ።

«ምን ሆነ? እሱ ደህና ነው?»

«ደህና ነው። ኤሲው ጋዝ እያፈሰሰ ነው፤ ማሽኑ መታየት አለበት።»

ታናሽየዋ ከበሩ ዘወር አለችላቸው።

ልብስ ሰፊዋ ማሽኑን አቧራና ቅጠል ውጦት አገኘዋለሁ ብላ ነበር። ዙሪያው ተጠርጓል፤ ከላዩ ፀሐይ እንዳይመታው ቆርቆሮ ተደግፎለታል። ዞር ብላ እህቷን አየቻት።

«ቅጠል ሲያፍነው ድምፁ ይለወጣል» አለች ታናሽየዋ መሬት መሬት እያየች። «ሲሠራ ስሰማው፣ እፎይ፣ ባልሽ ተኝቷል ማለት ነው እላለሁ።»

በረዶው አረፋውን ቀባ። ቧንቧው ከብረት መደገፊያው ጋር ሲፋተግ የሳሳበት ቦታ ላይ አረፋው ድንገት እንደ ጉንጭ ተነፋ። «ይኸው ሌባው» አለ። «ብረቱን እስክፈታ ቧንቧውን ደግፉልኝ፤ እንዳይታጠፍ።»

እህትማማቾቹ ግራና ቀኝ ያዙ።

«እትዬ፣ ያን ቀን ያልኩሽ…» አለች ታናሽየዋ።

«እኔም ራሴን የምለው እሱኑ ነው። ተኝቼም አልተወኝ።»

«ሐኪሙ እኔን ቢጠይቀኝ፣ መጨረሻ ላይ እሺ ማለቴ አይቀርም ነበር። ቆይቶ ነው የገባኝ። ግን በምን ዓይኔ በርሽን ላንኳኳ?»

ልብስ ሰፊዋ አንድ እጇን ከቧንቧው አንስታ የእህቷን ክንድ ያዘች።

«እናቶቼ» አለ በረዶው ቀና ሳይል፣ «ማውራቱን አውሩ፤ ቧንቧዬን ግን አትልቀቁብኝ።»

ሁለቱም እንባቸው እየወረደ ሳቁ።

በረዶው የሳሳውን ቆርጦ አዲስ ቧንቧ በየደለት፤ አየሩንና እርጥበቱን በፓምፕ መጦ ካወጣ በኋላ ጋዝ ሞላ። እንደገና አረፋ ቢቀባ አልተነፋም። ማሽኑ ሥራ ሲጀምር ታናሽየዋ እጇን ታጥባ እህቷን ተከተለች።

ሾፌሩ ቀዝቃዛው አየር ደርሶት ዓይኑን ጨፍኗል። «ዱቄት ሸተተኝ» አለ። «ማን ነው የመጣው?»

«እኔ ነኝ።»

ዓይኑን ገለጠ። «ቆመሽ ልትቀሪ ነው እንዴ?»

ልብስ ሰፊዋ ወንበሩ ላይ የተከመረውን ያልተሰፋ ጨርቅ ጠራርጋ አነሳች።

ያ ሁሉ ቁስል በአንድ ቀን አልዳነም። በወሩ በእናታቸው ነገር እንደገና ተቀያየሙ። በማግስቱ ግን ታናሽየዋ አማቿ እንዴት አደረ ብላ ልትጠይቅ መጣች፤ በሩም አልተቆለፈም ነበር።