በቀይ ቀለም

ወረታ ከተማ ማስተማር ከጀመርሁ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ዓረፍተ ነገር አቃንቶ የጻፈልኝ ተማሪ ግን የለም። በአያልነህ ድርሰት ውስጥማ በሬው አባቱን ጠምዶ ያርሳል! እየሳቅሁ፣ እየተራገምሁ ወረቀቱን በቀይ ቀለም ሞልቼ መለስሁለት።

በማግስቱ የአያልነህ አባት አቶ ሰጠኝ በቅል እርጎ ይዘው መጡ።

"መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ! በዳዊቴ ላይ በቀይ የሚጻፈው የእግዜርና የእመቤታችን ስም ነው። የልጄን ጽሑፍ እንዲህ ያከብሩታል ብዬ አልጠበቅሁም። ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ።"

ቀዩ የስህተት ምልክት ነው ልላቸው አፌን ከፈትሁ፤ ደስታቸውን ማደፍረስ አሳዘነኝና ቅሉን ተቀበልሁ። እርጎውንም ጠጣሁ። ወሬው በሳምንት ውስጥ ፎገራን አዳረሰ።

በሚቀጥለው ድርሰት ገላነሽ የምትባል ተማሪዬ አንድም ስህተት አልሠራችም። ደጋግሜ አነበብሁት፤ እልል ማለት ቃጣኝ። በቀይ የምነካው አጥቼ ወረቀቷን እንዳለ መለስሁላት።

ከዚያ ወዲያ ከትምህርት ቤት ቀረች። ቤቷ ድረስ ሄጄ አባቷን ጠየቅኋቸው።

"ለእሷ አንዲት ጠብታ ቀይ እንኳ ነፈጓት፣ መምህር" አሉኝ። "ትምህርቱ እንዳልሆነላት ገባንና ለሐሙሲት ሰው ዳርናት።"