ሻንሲውን የቆረጠችው እስከዳር

እስከዳር ቢቸና የብየዳ አስተማሪ ናት። ቁመቷ ዘለግ፣ ትከሻዋ ሰፋ፣ ዳሌዋ ደልደል ያለ ነው፤ በሰውነቷ አፍራ አታውቅም። ከልጅነቷ ጀምሮ ምኞቷ አንድ ነበር፦ ከመሬት ዝቅ ያለች፣ ጣሪያ የሌላት፣ የእሽቅድምድም የመሰለች መኪና በእጇ ሠርታ መንዳት። በእናቷ በወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ግቢ፣ ከቆርቆሮ ዳስ ሥር ሥራውን ስትጀምር የመኪና ጥገና አስተማሪው ደምለው አብሯት ገባ። እሷ ብረቱን እየቆረጠች ሻንሲውን፣ ማለትም የመኪናዋን የብረት አጽም፣ በየደች። እሱ ሞጣ ሄዶ ከመለዋወጫ ነጋዴው ከሐጂ ሙሐመድሁሴን የአሮጌ ቶዮታ ሞተር ከነካምቢዮው አመጣ። ሐጂ ሞተሩን ሲሸጡለት፣ መኪናዋ መሄድ የቻለች ዕለት ሞጣ አምጥተው እንዲያሳዩአቸው ቃል አስገብተውት ነበር።

የሾፌሩ ቦታ ሲለካ ወለሉ ላይ እግሩን ዘርግቶ የተቀመጠው ደምለው ነው። ብየዳው በእሷ እጅ ስለነበር እሱ ይቀመጣል፣ እሷ በእሱ ልክ ብረቱን ታቆማለች። ደምለው ደግሞ ቀጭን ነው። ያን ጊዜ ሁለቱም ልብ አላሉትም።

ወንበሩ የታሰረ ዕለት እስከዳር ልትቀመጥበት ሞከረች። ዳሌዋ በጎኑ ብረትና በካምቢዮው መካከል ተቀረቀረ፤ ታግላ ስትወጣ ቱታዋ ተተረተረ። መጀመሪያ የሳቀችው ራሷ ናት። ደምለውም አብሯት ሳቀና፣ ሁዳዴ ስለገባ እስከ ፋሲካ ቀነስ ማለቷ እንደማይቀር ነገራት። ከዚያ መሪውን እየዳበሰ፣

«ባትቀንሺም ግድ የለም» አላት። «አንቺ ሠራሻት፣ እኔ እነዳታለሁ። ያው የሁለታችን ናት።»

ሳቋ ከፊቷ ላይ ጠፋ። ክፋት እንደሌለበት ታውቃለች፤ ያናደዳትም ይኸው ነው። ነገሩን ያለቀለት አድርጎ ነው የተናገረው።

«የምነዳት እኔ ነኝ» አለችው። «ካልበቃችኝ እሷ ትሰፋለች።»

ደምለው ቀልድ መስሎት ነበር። የምሯን መሆኑን ሲያይ ሊያስረዳት ሞከረ፦ የተበየደ ሻንሲ መሃሉ ሲቆረጥ ይጣመማል፣ ከተጣመመ ጎማዎቹ በአንድ መስመር አይሄዱም፣ የዓመት ልፋታቸው ገደል ይገባል። ያለው ውሸት አልነበረም። እናቷ ቱታውን በመርፌ እየጠቀሙ ሲሰሙ ቆይተው፣ ይቺ ልጅ ከሆዴም ስትወጣ ሰፊ ነበረች፣ ይልቅ ብረቱን ቁረጡት አሉና ሥራቸውን ቀጠሉ።

እስከዳር ሞተሩን አወረደች። ሻንሲው እንዳይነቃነቅ ከወፍራም የከባድ መኪና ብረት ጋር በየቦታው በይዳ አሰረችው፤ ከዚያ የግራውን ጎን መቁረጥ ጀመረች። ብረቱ ግን ተወጥሮ ኖሮ፣ ሊበጠስ ጥቂት ሲቀረው ጓ ብሎ ተፈናጠረና የላዩ አግዳሚ ወደ ውጭ ተቆለመመ። ደምለው ለአፍታ አየው።

«አበላሸሻት» ብሎ እጁን ታጥቦ ወጣ። ከዚያ በኋላ ድርሽ አላለም።

እስከዳር መሬት ላይ ቁጭ አለች። እንደ ድሮው ብትመልሰውስ? እሱ ቢነዳትስ ምን ነበረበት? አሰበችው፤ ባሰበችው መጠን እልኋ ባሰ። በማግስቱ የተቆለመመውን ብረት ከሥሩ ቆርጣ ጣለችው።

የሻንሲውን ፊትና ኋላ አልነካችም። መሃሉን ብቻ በሁለቱም ጎን በመዳፍ ስፋት ወደ ውጭ አወጣችው፤ መኪናዋ ሆዷ ገፋ ያለ ነፍሰ ጡር መሰለች። እሳቱ ብረቱን እንዳይስበው ግራውን ትንሽ ትበይዳለች፣ ታቀዘቅዛለች፣ ወደ ቀኙ ትዞራለች። ሥራዋን ስትጨርስ ለደምለው፣ ሞተሩን የምንጭንበት ቀን ደርሷል፣ ከፈለግህ ና ብላ ላከችበት።

መጣ። ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳይጨርስ ገመድ አውጥቶ ሻንሲውን ከማዕዘን ማዕዘን በሰያፍ ለካ። አልረካም፤ ደግሞ ለካ። ሁለቱም ሰያፍ እኩል ነው።

«ቀጥ ብላለች» አለ ቀስ ብሎ፤ ከዚያ ሞተሩ ወደተቀመጠበት ሄደ።

ከፋሲካ በኋላ የትራፊኮቹን ፈቃድ ይዘው በጠዋት ከቢቸና ተነሡ። እስከዳር ወንበሩ ላይ ተደላድላ ተቀመጠች፤ ዳሌዋን የነካ ብረት የለም። ጉንደ ወይን ላይ ገበያተኛው ከበባቸው። አንዱ ጎረምሳ ደምለውን፣ ወንድ ሆነህ መሪውን ለሴት ትሰጣለህ ወይ ብሎ ሲያሾፍበት እስከዳር ሞተሩን አጓርታ መንገድ አስለቀቀችው። አቧራው ፊቷን ቢሸፍነውም እስከ ሞጣ ድረስ ፈገግታዋ አልከሰመም።

ሐጂ ሙሐመድሁሴን ከሱቃቸው ወጥተው ሞተራቸውን ጎንበስ ብለው አዳመጡ፣ መኪናዋን ዞሩ፣ በመጨረሻም ለምን ሆዷ እንደተነፋ ጠየቁ።

«በእኔ ልክ ስለተሠራች ነው» አለቻቸው።

ሐጂ ከእግሯ እስከ ራሷ አዩዋትና፣ «ደግ አደረግሽ» አሉ።

መመለሻቸው ሲደርስ ደምለው ቁልፉን ለመቀበል እጁን ዘረጋ፤ ደክሞሽ ይሆናል፣ እስከ ደብረ ወርቅ እንኳ ልያዝልሽ አላት። ተራውን አንድ ቀን እንደምትሰጠው፣ ዛሬ ግን ቀኑ እንዳልሆነ ነገረችው። እሱም ከጎኗ ገባ፤ ቦታው ስለሰፋው በሁለት እጁ የጎኑን ብረት ጨበጠ፣ እሷም ነዳጁን ረገጠችው።