የቡላ እግር

ቡላን እግሩን ያመመው ባሌ ዘመነ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ በወረደ ሰሞን ነው። ዘመነ በየዓመቱ ይወርዳል፤ ከደባርቅ በታች ያለችው ድንጋያም ማሳችን የምትሰጠን ገብስ ዓመት አያደርሰንም። እሱ ሲሄድ ቤት የምንቀረው እኔ፣ እናቱ እሜቴ ሠርካለምና ውሻው ነን። ከሦስታችን ጅብ የሚፈራው ውሻውን ብቻ ነው። አማቴን በቅርብ ቢያውቃቸው ኖሮ እሳቸውንም ይፈራ ነበር።

ቡላ ክፉ ውሻ ነው፤ አላጋነንሁም። የሚያበላውን እጅ እንኳ ካልጣመው ይነክሳል። አንድ ቀን ከበጎቹ ጋር ሲመለስ የፊት ቀኝ እግሩን አንጠልጥሎ በሦስቱ እየዘለለ መጣ። ጠጋ ብዬ ሳይ በጣቶቹ መሀል አብጦ ቀልቷል። በጨው ውሃ ላጥብለት እጄን ስዘረጋ ክንዴን ሊዘነጥለው ምንም አልቀረው። አንድ ሰው ካልያዘው፣ ሌላ ሰው ካላጠበው በቀር ነገሩ የማይሆን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

ጎረቤታችንን ገዱን ጠራሁት። ገዱ በቅሎ ጫኝ ነው፤ ጎብኚ በነበረ ጊዜ ተራራው ላይ ካለው ከጨነቅ ሰፈር ድረስ ሻንጣና ድንኳን ያመላልስ ነበር። ዛሬ ጎብኚም የለ፣ በቅሎዋም ሥራ ፈትታ ሣር ትግጣለች። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ የሚኖረው ብቻውን ነው። አመሻሽ ላይ እየመጣ ጋቢውን በውሻው ራስ ላይ ጣል አድርጎ አንገቱን በጉልበቱ ይይዝልኛል፣ እኔ አጥባለሁ። ደባርቅ ገበያ የወጣሁ ዕለት ፋርማሲ ገብቼ ለቁስል ብዬ ክኒን ገዛሁ፤ ለማን እንደሆነ አልተናገርሁም፣ ይስቁብኛል። ሽፋኑን እየከፈትሁ ዱቄቱን እግሩ ላይ ነሰነስሁበት።

ምን ዋጋ አለው፣ ባሰበት። መግል ያዘ፣ እብጠቱ ወደ ላይ ወጣ፣ ግቢው ሁሉ ሸተተ። ቡላ መብላት ተወ። አንድ ሌሊት ጅብ በረቱን ጥሶ እርጉዝ በግ ሲወስድ፣ ቡላ ከተኛበት ሆኖ ከማላዘን በቀር ምንም አላደረገም።

በማግስቱ እሜቴ ሠርካለም ከፊቴ ተቀመጡ።

«ይኸን ቁስል ሽታ መትቶታል» አሉ።

ሽታ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ልንገር። በእኛ አገር ከወንድ ጋር ያደረች ሴት፣ ከሴት ጋር ያደረ ወንድ፣ ገላውን ሳይታጠብ ቁስለኛ ከቀረበ ቁስሉን ያመረቅዘዋል ይባላል። ስለዚህ ቁስለኛ ጤና አዳም ያሸታል፣ ፌጦ ይይዛል፣ ጠያቂውም ይመረጥለታል። ይህ ሁሉ ለሰው ነው። አማቴ ግን ለካ ማለዳ ተነሥተው የፌጦ ቋጠሮ ውሻው አንገት ላይ አስረዋል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሆዴን ይዤ እስቅ ነበር።

«እሜቴ፣ ውሻ እኮ ነው!»

«ውሻም ሥጋ ነው። ቁስሉን የምትነኪው አንቺ ነሽ። ልጄ መተማ ነው ያለ። እስቲ ሽታው ከየት መጣ?»

ደሜ ፈላ። «ገዱን ነው የሚሉኝ?» አልኋቸው።

«እኔ የማንንም ስም አልጠራሁም። የጠራሽው አንቺ ነሽ።»

ምላሴን ብነክሰው በወደድሁ። እሜቴ ግን ነገሩን አስበው አስበው የጨረሱት ኖሯል፤ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም።

«ከእንግዲህ እንዳትነኪው። ውሃውንም ፍርፋሪውንም እኔ አቀርብለታለሁ። አንቺ ከራቅሽው ወዲያ ከዳነ ለልጄ እነግረዋለሁ፤ እሱ የሚያደርገውን ያውቃል።»

«ከሞተስ?»

«ከሞተ ሽታው ካንቺ አልነበረም ማለት ነው። እግርሽ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቅሻለሁ።»

ያደርጉትም ነበር። እሜቴ ቃላቸውን የሚበሉ ሴት አይደሉም፤ የእውነቱን ልመስክርላቸው።

እንግዲህ ልብ በሉ። ውሻው ቢሞት ትዳሬ ይተርፋል። ቢድን ዳባት ወዳለው አባቴ ቤት እመለሳለሁ፤ እዚያ ደግሞ ወንድሜ ከነሚስቱና ከነልጆቹ ሞልቶበታል፣ በባሏ ላይ ሄደች ተብላ የመጣች እኅት ደስ ብሎት የሚቀበል ሰው አይደለም። ስለዚህ ራቅሁ። ይሙት ብዬ ራቅሁ። ቡላ ሲያቃስት በሰማሁ ቁጥር ነጠላዬን ጆሮዬ ላይ እየጠመጠምሁ «ቶሎ በል እንጂ!» እለው ነበር። ቡላ ግን በሁሉም ነገር እልኸኛ ነው፣ በመሞትም።

እሑድ እሜቴ ለጽጌ ቅዳሴ ወጡ። እኔ ጭላዳ ዝንጀሮ ገብሱን እንዳይጨርሰው ልጠብቅ ቀረሁ። ረፋዱ ላይ ውሃ ቀድቼ ስመለስ ቡላ በደረቱ እየተሳበ መጣና ያን የበሰበሰ መዳፉን ጫማዬ ላይ አኖረው። ዝንብ ወሮታል። አልነከሰኝም፣ አላጉረመረመም፣ ዝም ብሎ አየኝ። ሰው እንዲህ ቢያየኝ ምናልባት እጨክን ነበር። ጎንበስ ብዬ ሳይ እብጠቱ በሁለት ጣቶቹ መሀል ተሰንጥቋል፤ በስንጥቁ ውስጥ ጥቁር ነጥብ አየሁ።

በአጥሩ ላይ ገዱን ጠራሁት። መጣ፣ አየ፣ አልነካውም።

«የትናየት፣ ተይው» አለኝ። «ወሬው እኔም ዘንድ ደርሷል። ቢሞት ለአንቺም ለእኔም ይሻላል።»

«አውቃለሁ።»

«እያወቅሽ ነው?»

«ያዝልኝ ገዱ። ማየት አልቻልሁም።»

ጋቢውን ጣለበት። ከአንገቴ ማተብ ጋር የማስራትን ወረንጦ ፈትቼ ቁስሉን ጨመቅሁት። መግሉ እስከ ክርኔ ረጨኝ፤ ቡላ ከጋቢው ሥር ጮኸ፣ ገዱ በሙሉ ሰውነቱ ተጫነው። ጥቁሩን ነጥብ በወረንጦው ይዤ ስስበው የቀጋ እሾህ ወጣ፣ የትንሿ ጣቴን አንጓ የሚያህል። በጨው ውሃ አጠብሁለት። ገዱ እሾሁን በመዳፉ ይዞ ካየው በኋላ «በቃ፣ ይድናል» አለ፤ መርዶ እንደሚነግር ሰው ነበር ያለው።

ዳነም። መግሉ ደረቀ፣ እብጠቱ ጎደለ። ቡላ በላ። እሜቴ በየማለዳው ውሻውን ዓይተው እኔን ያዩኛል። መታገሥ ያቃተኝ እኔ ነኝ። እሾሁን ይዤ ሄድሁ።

«ያዳንሁት እኔ ነኝ። ቅዳሴ ሄደው ሳለ አወጣሁለት። ይኸው!»

«እሾህ እንደሁ ግቢው ሙሉ ነው። አልነካሽውም፤ ብትነኪውማ ባልዳነ» አሉኝ።

ምን ይባላል? ባልነካውም ጥፋተኛ፣ ብነካውም ጥፋተኛ። ምስክር ልጥራ ብል ያለኝ ምስክር አንድ ነው፤ ምስክርነቱም እሜቴ በሌሉበት ገዱና እኔ ግቢው ውስጥ ብቻችንን ነበርን የሚል ነው። በዚያው ዕለት እሜቴ ስልካቸውን ይዘው ኔትወርክ ወደሚገኝበት ጉብታ ወጡ። ሲመለሱ እያለቀሱ ነበር። የውሸት አልነበረም ልቅሷቸው።

ዘመነ ኅዳር ሲገባ ተመለሰ። ቆላው አጥቁሮ አክስቶታል። ቀድሞ የሰማው ቡላ ነው፤ አራቱንም እግሩን እየረገጠ ቁልቁል በረረለት። ዘመነ መንገዱ ላይ ቁጢጥ ብሎ ሲዳስሰው ቆየና አብረው ወደ ግቢው ወጡ። ደጃፍ ላይ ቆሜ ስጠብቀው እንደምን ከረምሽ አላለኝም። እንደገና ቁጢጥ ብሎ የቡላን ቀኝ መዳፍ ገልብጦ በጣቶቹ መሀል ያለውን ጠባሳ አየ።

«ድኗል» አለ።

«እሾህ ነበር ዘሙ። እኔ ነኝ ያወጣሁለት። በእግዚአብሔር ስም እምልልሃለሁ።»

ቀና ብሎ አየኝ። ሊያምነኝ ፈልጎ ነበር። ስድስት ዓመት አብሬው ኖሬ ፊቱን አጣሁት? ፈልጎ ነበር። እሜቴ ከበሩ ሥር ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቆመዋል። ዘመነ የውሻውን እግር እንደያዘ፦

«ማን ያዘልሽ?» አለኝ።

ብቻዬን ነው ብዬ ብመልስ ውሸት ነው፣ ያንን ውሻ ደግሞ ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቀዋል።

«ገዱ» አልሁት።

ዘመነ የቡላን እግር ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠ። ተነሥቶ በአጠገቤ አልፎ ገባና ከአባቴ ቤት ያመጣሁትን ሳጥን ተሸክሞ ወጥቶ ደጅ አኖረው።